የማደንዘዣ ሐኪሞች የጽኑ ሕሙማን ትምህርት ከቁሐር ሚካኤል ሲመዘን

መግቢያ

የአንድ ትምህርት ዋጋ በሁለት ስፍራ ይመዘናል። አንደኛው ትምህርቱ የሚሰጥበት ክፍል ነው፤ በዚያ ፈተና አለ፥ ነጥብ አለ፥ የምስክር ወረቀት አለ። ሁለተኛው የተማረው ሰው የሚፈለግበት ስፍራ ነው፤ በዚያ ያለው መመዘኛ አንድ ብቻ ሲሆን፥ እርሱም በሽተኛው መዳኑ ወይም መሞቱ ነው። በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ልዩነት የተገኘ እንደ ሆነ፥ ትምህርቱ ይመረመር ዘንድ ግድ ይሆናል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ በአገራችን የማደንዘዣ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች ስለ ጽኑ ሕሙማን አያያዝ የሚያገኙትን ትምህርት ነው። እነዚህ ሐኪሞች አጠቃላዩን የሕክምና ትምህርት ጨርሰው በሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚማሩ ሲሆኑ «ሬዚደንት» ይባላሉ። ስማቸው ከማደንዘዣ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው ሥራቸው በሽተኛውን ለቀዶ ጥገና ማስተኛትና ማንቃት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ለጊዜው ራሱን የማያውቅ፥ ብዙ ጊዜም በራሱ ኃይል መተንፈስ የማይችል ሰው ነው። እርሱን በሕይወት ጠብቆ የሚያቆይ ሐኪም፥ በበሽታ ወይም በመርዝ ወይም በድንገተኛ አደጋ ራሱን የሳተውንና ትንፋሹ የደከመውን ሰው ደግሞ ሊጠብቀው ይችላል። የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ከማደንዘዣ ሕክምና የተወለደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ትምህርት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው፥ ስንት አልጋ አለ፥ ስንት መሣሪያ አለ፥ ስንት ወር ይማራሉ የሚለው ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ከንቱ ናቸው አንልም። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚጠየቁት ከሆስፒታሉ በር ወደ ውስጥ በመመልከት ነው። እኛ ግን ሚዛኑን ከበሩ ውጭ፥ በሽተኛው ከሚነሣበት መንደር ላይ ለማቆም ፈልገናል። ለዚህም በፎገራ ወረዳ ያለውን የቁሐር ሚካኤልን ቀበሌ መርጠናል።

ስለ ስፍራው

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ አገር ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም ከአፋቸው ወጥተው መሬቱን ያለብሱታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ እጅግ የበረታ ስለ ነበረ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ይኸው ውሃ የሚያጠፋውን ያህል ያለማል። አገሩ ቀድሞ በፎገራ ከብት የታወቀ ሲሆን፥ ካለፈው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ተቋቁሟል። በበጋ ደግሞ ገበሬው ሽንኩርትና ሌላም አትክልት በመስኖ ያለማል።

ይህ ልማት ከራሱ ጋራ ሁለት ዓይነት አደጋ ይዞ ይኖራል። የመጀመሪያው የታወቀው ወባ ነው፤ የቆመ ውሃ ባለበት ወባ አለ። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ይኸውም ለአትክልት የሚረጨው ፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። ከእነዚህም መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው ወገን ሲሆኑ፥ በሰው ሰውነት ውስጥ በገቡ ጊዜ ነርቭንና ጡንቻን የሚያውኩ ናቸው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናቁም። ምሳሌው በአንድ በታወቀ ሰው ላይ የደረሰ ታሪክ ሳይሆን፥ በማንኛውም የመስኖ አገር ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ከርጭት የተረፈ መድኃኒት «ሃይላንድ» በምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ በቤት ማዕዘን ተቀምጧል። ከማሳ የተመለሰ አንድ ወጣት ውሃ መስሎት ይጠጣል። ጥቂት ቆይቶ ምራቁ መዝረብረብ፥ ላቡ መፍሰስ፥ የዓይኑ ብሌን መጥበብ፥ ጡንቻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሳንባው በራሱ ፈሳሽ እየተሞላ ትንፋሹ ይታፈናል። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ወደ መንገድ ያወጣዋል፤ ከዚያ በባጃጅ ወረታ ይደርሳል። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ወደ ደብረ ታቦር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድን ባወከበት ጊዜ ሁሉ፥ ይህ ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓትና በቀን የሚቈጠር ሆኗል።

ይህ ወጣት የሚሞት እንደ ሆነ የሚሞተው በሦስት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው፥ መርዙን እንደ ጠጣ ምራቁና አክታው መተንፈሻውን በዘጋበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው፥ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው በአምቡላንስ በሚጓዝበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ የሚያታልለው ነው፤ ወጣቱ ተሻለው ተብሎ ቤተ ሰቡ እፎይ ባለ ማግሥት፥ መርዙን በጠጣ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፥ የአንገቱና የመተንፈሻው ጡንቻዎች በድንገት ይዝላሉ። ይህን ሦስተኛውን ሁኔታ የስሪ ላንካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1987 ለይተው ገልጸውታል። ስሪ ላንካም እንደ ፎገራ ሩዝ አብቃይ አገር መሆኗን አንባቢያችን ልብ ይሏል።

በሦስቱም ሰዓቶች የሚፈለገው ዕውቀት በትክክል የማደንዘዣ ሐኪም ዕውቀት ነው። መተንፈሻውን መክፈት፥ አክታውን መምጠጥ፥ ሲደክም በእጅ ማስተንፈስ፥ አትሮፒን የሚባለውን መድኃኒት ሳንባው እስኪጠራ ድረስ በየ5 ደቂቃው እጥፍ እያደረጉ መስጠት፥ ይህ ሁሉ የእርሱ ሙያ ነው። እንዲያውም ሌላው ሐኪም የማያስበውን አንድ ነገር ያውቃል፤ ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ ለማስገባት ጡንቻን ለማላላት የሚሰጠው ሳክሳሜቶኒየም የተባለው መድኃኒት፥ በዚህ መርዝ በተያዘ ሰው ላይ ኃይሉ ከልማዱ እጅግ ይረዝማል። ምክንያቱም መድኃኒቱን በደም ውስጥ የሚያፈርሰው ንጥረ ነገር በመርዙ ተሽሯል። እንግዲህ ዕውቀቱ አለ። የሚጠየቀው ግን ዕውቀቱ የት ተቀምጧል ነው።

የትምህርቱ ምንጭ

ወደ ትችቱ ከመግባታችን በፊት የዚህን ሙያ መነሻ መመልከት ይጠቅማል፤ መነሻውን የረሳ ትምህርት ዓላማውንም ይረሳልና።

እ.ኤ.አ. በ1952 የበጋ ወራት በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ፥ ማለት ፖሊዮ፥ በወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው በብርቱ የያዛቸው ሰዎች የመተንፈሻ ጡንቻቸው ይሽባል፤ መዋጥም ይሳናቸዋል። ብሌግዳም በተባለው ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች በዚህ ሁኔታ ከገቡት 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ። ሆስፒታሉ የነበረው «የብረት ሳንባ» የተባለ መሣሪያ አንድ ብቻ ሲሆን፥ ሌሎቹ ደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ብዙም የሚረዱ አልነበሩም። በዚህ ጊዜ የሆስፒታሉ አለቃ ዶክተር ላሰን ቢዮርን ኢብሰን የተባለውን የማደንዘዣ ሐኪም አማከረ። ኢብሰን አንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ አንገቷ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ እንዲገባ አድርጎ፥ በቀዶ ጥገና ክፍል በየቀኑ እንደሚያደርገው ሁሉ፥ የጎማ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አስተነፈሳት። ልጅቱ ዳነች።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። ለዚያ ሁሉ በሽተኛ የሚሆን መሣሪያ ስላልነበረ፥ 1,500 ያህል ተማሪዎች እየተፈራረቁ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁ። በአንድ ጊዜ እስከ 70 የሚደርሱ በሽተኞች በተማሪ እጅ የሚተነፍሱበት ቀን ነበረ። ከ100 ሰው 87ቱን ይገድል የነበረው በሽታ ወደ 40 ገደማ ወረደ፥ እየቈየም ከዚያ በታች ሆነ። ኢብሰንም በሚቀጥለው ዓመት፥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1953፥ በሌላ የኮፐንሃገን ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከፈተ፤ ይህም በዓለም የመጀመሪያው ነው ተብሎ ይቈጠራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላው የዴንማርክ የማደንዘዣ ሐኪም ሄኒንግ ሩበን ከአንድ መሐንዲስ ጋራ ሆኖ በራሱ የሚነፋ የእጅ ከረጢት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የዋለው ይህ ዕቃ ዛሬ በየጤና ተቋሙ «አምቡ ባግ» እየተባለ የሚጠራው ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር ግልጥ ነው። የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሲወለድ ክፍል አልነበረውም፥ መሣሪያም አልነበረውም። የነበረው ሦስት ነገር ነው፤ የሚያውቅ ሰው፥ ዕውቀቱን ለብዙዎች በአጭር ጊዜ ማስተማር መቻሉና የማይታክት እጅ። መሣሪያው የመጣው በኋላ፥ እጅን ለማሳረፍ ነው።

ትችት

አንደኛው ትችታችን በመሣሪያና በእጅ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ትምህርት ሲባል በተማሪው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው የመተንፈሻ መሣሪያው፥ የመሣሪያው ቍልፎችና በመስኮቱ ላይ የሚታዩት ቍጥሮች ናቸው። ኮሮና በአገራችን መገኘቱ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ የነበረው ሁኔታ ይህን ሐሳብ ይበልጥ አጠነከረው፤ የሕዝቡም የመንግሥቱም ወሬ ስለ መሣሪያ ቍጥር ነበረ። ነገር ግን መሣሪያ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፥ ኦክሲጅን ይፈልጋል፥ ከሁሉም በላይ በሌሊቱ እኩሌታ ከአጠገቡ የማይለይ አዋቂ ይፈልጋል። ይህ ባልተሟላበት ስፍራ መሣሪያው የተሸፈነ ዕቃ ነው። ከረጢቱን በትክክል መጨመቅ፥ ማለት ፊቱን አጥብቆ ይዞ፥ ደረቱ ሲነሣ እያዩ፥ ለአዋቂ ሰው በየ5 ወይም በየ6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ፥ ሳይበዛና ሳያንስ መስጠት፥ ቀላል የሚመስል ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ጥበብ ነው። ይህ ጥበብ ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት አይቶት የሚያልፈው ነገር ሆኖ ሳለ፥ በቁሐር ሚካኤል ሚዛን ሲታይ ግን የትምህርቱ እምብርት ነው።

ሁለተኛው ትችታችን ትምህርትን በወር ስለ መቍጠር ነው። በአሜሪካ አገር የማደንዘዣ ሬዚደንት በ4 ዓመት ትምህርቱ ውስጥ ቢያንስ 4 ወር የጽኑ ሕሙማን ሕክምና እንዲማር ደንብ ወጥቷል። ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ ነገር ግን ከውጭ የመጣ የወር ቍጥር ወደ እኛ ሲገባ፥ ወሩ በምን እንደ ተሞላ መጠየቅ ይገባል። በዚያ አገር ያለው ተማሪ በ4 ወር ውስጥ የሚያየው በሽተኛ ብዙ ጊዜ አምቡላንስ በደቂቃ ውስጥ ያነሣው፥ ሕክምናውም በመንገድ የተጀመረለት ነው። የእኛ ተማሪ የሚያየው ግን ከቃሬዛ፥ ከባጃጅና ከረዥም መንገድ የተረፈውን ነው። ሌላው ቀርቷል። በክፍሉ ውስጥ የተኛውን ብቻ እያየ የሚማር ሐኪም፥ በጦርነት ተርፎ የተመለሰውን ወታደር ቍስል ብቻ እያየ ስለ ጦርነቱ የሚናገርን ሰው ይመስላል።

ሦስተኛው ትችታችን ትምህርቱ ለብቻ መሰጠቱን የሚመለከት ነው። በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጠው አብዛኛው ሰው ስፔሻሊስት ሐኪም አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ በማደንዘዣ ሙያ በዲግሪ የተመረቀ ባለሙያ ነው። ለምሳሌ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ባለሙያዎች በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። በጽኑ ሕሙማን ክፍልም ሌሊቱን ሙሉ ከበሽተኛው አጠገብ የምትቀመጠው ነርስ ናት። በሌላ ወገን ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ጀምሯል፤ የእነዚህም ሐኪሞች ሥራ ከጽኑ ሕሙማን ሕክምና ጋራ የተያያዘ ነው። እንግዲህ አንድ በሽተኛ በአራት ዓይነት ባለሙያ እጅ ሲያልፍ፥ አራቱ ለየብቻ ተምረው በአልጋው አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙ ከሆነ፥ ጉድለቱ የግለሰቦቹ ሳይሆን የትምህርቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ ለዚህ ሥራ እንደ ተነገረ ይቈጠራል።

አራተኛው ትችታችን በሕዝቡ ዘንድ ያለውን ግንዛቤ ይነካል። በብዙ ስፍራ «ኦክሲጅን ተደረገለት» ማለት «አበቃለት» እንደ ማለት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ቤተ ሰቡም በዚህ ምክንያት ጭምብሉ እንዳይደረግበት የሚለምንበት ጊዜ አለ። ይህን አለማወቅ ነው ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ሕዝቡ ያየውን ነው የተናገረው እንላለን፤ ኦክሲጅን የሚደርሰው ዘግይቶ በሆነበት አገር፥ ኦክሲጅንና ሞት አብረው ይታያሉ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ሐኪሙ በሥራ ካላሳየ፥ በቃል ቢያስተምር የሚያምነው አያገኝም።

ከአገራችን የተገኘ አርአያ

ከላይ የተናገርነው ሁሉ ከባዕድ አገር ምሳሌ እንድንፈልግ የሚያስገድድ አይደለም። ለዚሁ ለጣና አካባቢ የሚሆን አርአያ በዚያው አካባቢ ተሠርቶ ነበረ።

በ1945 ዓ.ም. ገደማ ከጣና በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ይህም በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ኮሌጁ ያሠለጠነው በተለመደው መንገድ ሐኪም ብቻ አልነበረም። የጤና መኮንን፥ የኅብረተ ሰብ ነርስና የጤና ጥበቃ ሠራተኛ በአንድነት፥ እንደ አንድ ጓድ ሆነው እንዲማሩና ወደ ጤና ጣቢያ በአንድነት እንዲሄዱ ታስቦ ነበረ። ተማሪዎቹ ከምርቃታቸው በፊት ወደ ገጠር፥ ለምሳሌ በደምቢያ ወዳለችው ወደ ቆላ ድባ፥ እየሄዱ ሥራውን በስፍራው ይለማመዱ ነበረ። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ ዓመት መግቢያ በሰፊው የአገራችን ክፍል የተነሣው ታላቁ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ሲገመት፥ ሐኪም ቤት ከገጠሩ ርቆ መቀመጡ ምን ማለት እንደ ሆነ ለሁሉ አስረድቷል። የጓድ ሥልጠናው ልማድ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እስካሁን ድረስ ስሙ አልጠፋም።

እንግዲህ ሁለት አርአያ አለን። ኮፐንሃገን እጅን አስተማረች፤ ጎንደር መንገድን አስተማረች። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ትምህርት ከኮፐንሃገን ክፍሉንና መሣሪያውን ወረሰ፥ እጁን ግን በግማሽ ረሳ። ከጎንደርም የሥልጠናን ስም ወረሰ፥ መንገዱን ግን ለመሠረታዊ ጤና ባለሙያ ብቻ የተተወ አድርጎ ቈጠረው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ስፔሻሊስት የሚሆነውም ሐኪም ወደ መንገዱ መውጣት አለበት እንላለን።

ሊቀርቡ ስለሚችሉ መቃወሚያዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት መቃወሚያ ሊነሣ እንደሚችል አስበናል።

የመጀመሪያው፥ ስፔሻሊስት ሐኪም በየቀበሌው ሊቀመጥ አይችልም የሚል ነው። እውነት ነው። የዓለም የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 የማደንዘዣ ሐኪሞች እንዲኖሩ ይመክራል። የአገራችን ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ስለ ሆነ፥ በዚህ ስሌት ከ5,000 የሚበልጡ ስፔሻሊስቶች ያስፈልጉናል ማለት ነው። ያሉን ግን ከዚህ ጋራ የማይነጻጸሩ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ይህ መቃወሚያ የእኛን ሐሳብ ያጠነክራል እንጂ አያፈርስም። ጥቂት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በሽተኛ ቢጠብቅ የሚያድነው ጥቂት ነው፤ ያው ጥቂት ሰው ነርሱን፥ የማደንዘዣ ባለሙያውንና የአምቡላንስ ሠራተኛውን ቢያስተምር ግን እጁ ይበዛል። ኢብሰን አንድ ሰው ነበረ፤ እጆቹ ግን 1,500 ሆኑ።

ሁለተኛው፥ ይህ የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ከላይ የጠቀስነው ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ማደንዘዣ ደኅንነት ያወጡት መመዘኛ በእያንዳንዱ በሽተኛ ላይ የኦክሲጅን መጠን የሚያሳየው መሣሪያ ዘወትር እንዲኖር ይጠይቃል። እኛም ከዚህ አንዲት ነጥብ እንድትቀነስ አንፈልግም። በመንገድ ላይ፥ በሚናወጥ አምቡላንስ ውስጥ፥ በአንድ የኦክሲጅን ሲሊንደር በሽተኛን ሕያው አድርጎ ማድረስ፥ በብርሃን ከተሞላ ክፍል ውስጥ ከሚደረገው ሕክምና የበለጠ እንጂ ያነሰ ዕውቀት አይጠይቅም። ሲሊንደሩ ለስንት ደቂቃ እንደሚበቃ ሳያሰላ ከወረታ የተነሣ ሐኪም፥ ባሕር ዳር ሳይደርስ ስሌቱን በከባድ ዋጋ ይማራል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የሚበልጥ ክብደት አለው፤ እርሱም እጅ ለዘለቄታው መሣሪያን አይተካም የሚል ነው። ይህን ያለ ክርክር እንቀበላለን። በምሳሌያችን ያለው ወጣት በሦስተኛው ቀን ጡንቻው የዛለ እንደ ሆነ፥ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ሌላ ነገር ሊያስተነፍሰው ያስፈልጋል። ይህንን በዘመድ እጅ እየጨመቁ መቀጠል ሰውን የሚያደክም፥ ለስሕተትም የሚዳርግ ነው። ኮፐንሃገንም በዚያ መከራ ምክንያት ነው መሣሪያ ለመሥራት የተነሣችው። ስለዚህ መሣሪያ ይቅር አንልም። የምንለው፥ መሣሪያው የሚጠቅመው በሽተኛው መሣሪያው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በሕይወት ከቈየ ብቻ ነው፤ እስከዚያም የሚያቈየው እጅ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል

ነቅፎ ብቻ መተው ለጥናት ስለማይበቃ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ፥ እያንዳንዱ ሬዚደንት ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ የእጅ ሥራ ይሁን። ይኸውም በከረጢት ብቻ በትክክል ማስተንፈስ፥ በሽተኛን ለጉዞ ማዘጋጀት፥ የኦክሲጅንን መጠን ለመንገዱ ማስላትና ይህንኑ ለሌላ ሰው ማስተማር ነው። ፈታኙም ጥሩ የሚለው ተማሪው ራሱ ስላወቀው ብቻ ሳይሆን፥ ያስተማራት ነርስ እርሱ በሌለበት ስታደርገው አይቶ ይሁን።

2ኛ፥ ከጽኑ ሕሙማን ትምህርት ወራት አንዱ ክፍል በወረዳና በዞን ሆስፒታሎች የሚሰጥ ይሁን። ሬዚደንቱ ወደዚያ የሚሄደው ጐድሎ የሚሞላ ሠራተኛ ሆኖ እንዳይሆን፥ አስተማሪው አብሮት ወይም በየሳምንቱ እየጐበኘው ሊሆን ይገባል። ያለ አስተማሪ የተላከ ተማሪ፥ የሚማረው የልማድን ስሕተት ብቻ ነው።

3ኛ፥ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በትልቁ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ በሽተኛ በገባ ቍጥር፥ ሬዚደንቱ የበሽታውን ታሪክ ከመጻፉ ጋራ የመንገዱን ታሪክ ይጻፍ። በስንት ሰዓት ታመመ፥ ማን አነሣው፥ በምን ተጓዘ፥ በየትኛው ጤና ተቋም ስንት ሰዓት ቈየ፥ በመንገድ ኦክሲጅን ነበረውን፥ አብሮት የተጓዘው ማን ነበረ፥ ምን ያውቅ ነበረ? ይህን ለማወቅ ከአልጋው አጠገብ ያለውን አስታማሚ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። አባቱ ወይም ወንድሙ እያንዳንዱን ደቂቃ ያስታውሳል፤ እስካሁን ግን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። እነዚህ ጽሑፎች በዓመቱ መጨረሻ ተሰብስበው ሲነበቡ፥ ትምህርቱ በየትኛው ላይ እንደሚጐድል ከማንኛውም የውጭ ደንብ ይልቅ ይናገራሉ።

መደምደሚያ

የጽኑ ሕሙማን ሕክምና የሚጀመረው በአልጋው ላይ እንዳልሆነ በምሳሌያችን ለማሳየት ሞክረናል። የቁሐር ሚካኤል ወጣት ጽኑ ሕሙም የሆነው በባሕር ዳር አይደለም፤ ገና በቤቱ ማዕዘን ሳለ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ አልጋው ድረስ ባለው መንገድ የሚያገኙት ሰዎች ሁሉ፥ በጤና ጣቢያው ያለችው ነርስም፥ አምቡላንስ የሚነዳውም፥ ለማስታመም የተከተለው ወንድሙም፥ በደንብ ወይም በክፉ፥ የጽኑ ሕሙማን ሕክምና እየሰጡት ነው። እነዚህን የሚያስተምር ስፔሻሊስት ካልወጣልን፥ ከአልጋው አጠገብ ያለው ሊቅ የሚቀበለው መንገድ የመረጠለትን ብቻ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ያቀረብነው ሐሳብ ፍጹም ነው አንልም። በሙያው ረዥም ዘመን የሠሩ መምህራን ስሕተቱን ቢያርሙልን፥ የጐደለውንም ቢሞሉልን ደስ ይለናል። አንድ ነገር ብቻ ግን አጥብቀን እንጠይቃለን፤ ትምህርቱ በሚቀጥለው ጊዜ በሚመረመርበት ጉባኤ ላይ፥ ከአልጋውና ከመሣሪያው ቍጥር በፊት፥ ከወረታ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለው መንገድ በጠረጴዛው ላይ ይቅረብ።